ቀን የተወራ ተረት

ገርጂ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለናፈቅሽኝ እናቴ ለሸሪፋ፣

እማዬ፣ እንደምን አለሽልኝ? ጉልበትሽ አሁንም ያምሻል ወይስ ያ ቅባት ሠራልሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ካሊድ በቁመት ስለበለጠኝ አሁን ቁልቁል እያየ ነው የሚያናግረኝ፤ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው ብሎ የሚያምን የለም። አክስቴ መኪያ ደግሞ ይኸው የዑምራ ሻንጣዋን ለአምስተኛ ጊዜ ፈትታ እያሰረች ነው። ይሄን ስጽፍ አጠገቤ መጥታ፣ "ደብዳቤ? በዚህ ዘመን? ስልክሽ ተበላሸ እንዴ?" ብላ ሳቀችብኝ። ግን እምቢ አላለችም፤ ጅዳ እንደገባች ደውላልሽ በእጇ ትሰጥሻለች።

ስልኬማ ደህና ነው። ግን እማዬ፣ በድምፅ የምልክልሽን ሁሉ ማድ ቤት ቆመሽ፣ ሰው መሃል ነው የምትሰሚው። መልስሽ ውስጥ ሁልጊዜ የሳህን ድምፅ አለ። ይሄን ግን በርሽን ዘግተሽ፣ ቁጭ ብለሽ እንድታነቢልኝ ፈለግኩ። ከደከመሽ በሁለት ቀን ጨርሺው፣ ችግር የለም። ጽሑፌንም አሳምሬያለሁ። በሥዕል ተመርቃ የእጅ ጽሑፏ የሐኪም ነው እንዳትዪኝ ብዬ።

ከደብዳቤው ጋር አሥራ ሁለት ገጽ ሥዕል ታገኚያለሽ። ከነገርኩሽ መጽሐፍ የአንዱ ተረት ነው፤ የሙከራ ህትመቱን ነው የላክሁልሽ። ቢሯችን ከኢምፔሪያል ወደ ገርጂ ገባ ሲባል ካለው የሴራሚክ ሱቅ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አራት ሰዎች፣ አንድ የሚያኮርፍ ፕሪንተር፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው "መነጽሬን ያየ?" የሚሉ አንድ አለቃ፤ በቃ ይኼው ነን። አለቃዬ ጋሽ ወልደጻድቅ ይባላሉ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ከሃያ አገርና ሕዝብ ሃያ ተረት ሰብስበን ለልጆች በሥዕል እናወጣለን። ከጃፓን አለ፣ ከህንድ አለ፣ ከናይጄሪያ አለ፣ ከእኛም ከኮንሶ፣ ከአፋር። አምስቱን የምስለው እኔ ነኝ። አምስቱን! ተመርቄ ዓመት እንኳ ሳይሞላኝ! ጠዋት ጠዋት ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ነው የምወጣው፤ ታች ያለው የሴራሚክ ሻጭ "እሳት ተነሣ እንዴ?" ይለኛል።

ችግሩ፣ እያንዳንዱ ተረት እንደ አገሩ መሳል አለበት። ቤቱ፣ ልብሱ፣ ዛፉ ሁሉ። የጃፓኑን ሽማግሌ ስስለው ብርድ ላይ ስለሆነ አሳዘነኝና ነጭ ነገር ደረብኩለት። ጋሽ ወልደጻድቅ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ብዙ አዩትና፣ "ፈቲያ፣ ይሄ ሰውዬ ከደብረ ብርሃን ነው የመጣው?" አሉኝ። ለካ ጋቢ አልብሼዋለሁ። አብራኝ የምትሠራው ሀይሚ፣ ገጾቹን በኮምፒውተር የምታቀናጀው፣ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወጥታ ሄደች።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ሁላችሁም ከቤታችሁ አንዳንድ ተረት አምጡ ሲባል እኔ ያንቺን አመጣሁ። የቆቋን። እንዴት እንደማስታውሰው ልጻፍልሽና የተሳሳትኩት ካለ አርሚኝ።

ድርቅ ሆነ። ቆቋ ሦስት ጫጩቶቿን የእሾህ ቁጥቋጦ ውስጥ ደብቃ፣ "ከተራራው ማዶ ውሃ ላመጣላችሁ ነው። ቀበሮ አለና በድምፄ 'እኔ ነኝ' ብዬ ካልመለስኩላችሁ በቀር እሾሁን ለማንም እንዳትከፍቱ" አለቻቸው። ሄደች፣ ውሃውን አገኘች። መያዣ የላትምና በአፏ ሞላችው። ስትመለስ ጦጣ አገኘቻትና "ወዴት ነው?" አለቻት። "ወደ ልጆቼ" ስትል ውሃው ፈሰሰ። እንደገና ሄዳ ሞላች። ጃርት አገኛትና "ሰላም እንኳ አይባልም?" አላት። "ይቅርታ" ስትል ፈሰሰ። በሦስተኛው ማንም ምን ቢላት ዝም አለች። ጫካው ሁሉ "ኮራች" አላት። ዝም ብላ መጣች፣ መጣች፣ እሾሁ ደጅ ደረሰች። ጫጩቶቹ ከውስጥ "እናታችን ነሽ?" አሉ። ብትመልስ ውሃው ይፈሳል። ባትመልስ አይከፍቱላትም።

ቢሮ ስተርክላቸው እዚህ ላይ አቆምኩ። ሀይሚ፣ "ከዚያስ?" አለች።

"አላውቅም" አልኳት።

"እንዴት አታውቂም? የቤታችሁ ተረት አይደለም እንዴ?"

"ነው። እናቴ ያኔ አልጨረሰችልኝም።"

ለሥዕሉም መጀመሪያ ጉድ ሠርቼ ነበር። ገርጂ ያደገች ልጅ ቆቅ የት ታውቃለች? ልቤ ባዘዘኝ ስዬ ሳመጣ ጋሽ ወልደጻድቅ፣ "ይቺ እኮ ዶሮ ናት! ደግሞ ቆቅ ሻሽ ታስራለች?" አሉ። ሻሹን ሳስርላት አልታወቀኝም ነበር እማዬ። ያ አረንጓዴው ሻሽሽ ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ አሁን እውነተኛ ቆቅ ናት፣ ሻሹም የለም። ግን አንገቷን ልብ ብለሽ እዪው፤ ላባዋ ላይ ትንሽ አረንጓዴ ቀርቷል። እሱን ማንም አላየብኝም።

ተረቱ ግርጌ ላይ "ተራኪ፦ ሸሪፋ ሁሴን" ተብሎ ተጽፏል። ሀይሚ ፊደሉን ከሌሎቹ ተራኪዎች ትንሽ አተልቃልኛለች። ጋሽ ወልደጻድቅ አይተው እንዳላዩ አለፉት።

እማዬ፣ ያን ቀን ታስታውሺዋለሽ? የሄድሽ ቀን። እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ፣ ካሊድ አራት። ቦሌ ኤርፖርት ደጅ፣ ረፋድ ላይ፣ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ሻሽ ያሰሩ ሴቶች መሃል ቆመሽ። እኔ ቀሚስሽን ይዤ "የቆቋን ካልነገርሽኝ አልለቅሽም" አልኩ። አንቺም "ቀን እኮ ነው የኔ እናት፤ ተረት ቀን አይወራም" አልሽኝ። አያቴ ስትል እንደነበረው፣ ቀን ተረት ከተወራ መንገድ የወጣ ሰው ይዘገያል። የግድ ከሆነ ደግሞ አናት ላይ አንዲት ሳር ጣል አድርጎ ነው። ዙሪያሽን አየሽ። ሁሉም አስፋልትና ሲሚንቶ ነው፣ አንዲት ሳር የለም። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። "እሺ፣ እሺ፣ ሳሩ ይቅር፣ ቶሎ ልንገርሽ" ብለሽ ቁጢጥ አልሽ። እሾሁ ደጅ ላይ ስትደርሺ ወረቀት የያዘው የኤጀንሲ ሰውዬ "ሸሪፋ ሁሴን!" ብሎ ተጣራ። "የቀረውን ስመለስ" አልሽኝ። ሁለት ዓመት ነበር የተባለው።

አሥራ ሁለት ዓመት ሆነ።

ይሄን ለማንም ነግሬ አላውቅም፣ ለአክስቴ እንኳ። ልጅ ሆኜ፣ ኮንትራቱ እንደገና ተራዘመ በተባለ ቁጥር፣ እኔ ነኝ ያዘገየኋት እል ነበር። ያለ ሳር ያስወራኋት እኔ ነኝ። አሁን ትልቅ ሰው ነኝ፣ ዲግሪ አለኝ፣ ሳርና ኮንትራት እንደማይገናኙ አውቃለሁ። ቢሆንም ባለፈው ቅዳሜ ምን እንዳደረግሁ ልንገርሽ። ተረቶቹን ልጆች ይወዷቸው እንደሆነ ለማየት አንድ መዋዕለ ሕፃናት ሄደን እናነባለን፤ ያውም በጠራራ ፀሐይ። የህንዱን ተረት ማንበብ ልጀምር ስል እጄ ብቻውን ከደብተሬ ላይ ትንሽ ወረቀት ቀዶ አናቴ ላይ አስቀመጠ። ልጆቹ ፈነዱ። ሀይሚ በሹክሹክታ፣ "ምንድን ነው ያደረግሽው?" አለችኝ። "ምንም፣ እናቴ መንገድ ላይ ናት" አልኳት። "ልትመጣ ነው? መቼ?" ስትለኝ ማንበብ ጀመርኩ።

መቼ እንደሆነ አላውቅማ። ባለፈው ወር "ኢንሻአላህ ይሄን ኮንትራት ልጨርስና" ብለሻል። ደስ ብሎኛል። ግን ይቺን ቃል ከዚህ በፊትም አውቃታለሁ፣ እማዬ።

መጨረሻውን በድምፅ ላኪልኝ ያልኩሽ ጊዜ የመጣውን መልስ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ብነግርሽ ትስቂያለሽ። ከመገናኛ ታክሲ ውስጥ፣ ጆሮዬ ላይ ተክዬ፣ ገርጂ ልወርድ ሲገባኝ አልፌ ሄጃለሁ። "ተረት ተረት" ብለሽ ትጀምሪያለሽ። እኔ ታክሲ ውስጥ አፌን ስከፍት፣ አጠገብሽ አንዲት ቀጭን ድምፅ "የላም በረት!" አለች። በዓረብኛ ምላስ፣ ግን አንድም ሳትሳሳት።

ሊያን ናት አይደል? የአሠሪዎችሽ ልጅ፣ ከተወለደች ጀምሮ ያሳደግሻት። እኔ ለልጅ የምቀና ሰው አይደለሁም። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፣ እሷ ሰባት። ግን እማዬ፣ ያን ቀን ቀናሁ። የልጅቷን ስም ስትጠሪ ድምፅሽ ውስጥ የሳህን ድምፅ አልነበረም። ውጭ ፀሐይ እንደነበረም አውቃለሁ፣ የአሱር አዛን ይሰማ ነበርና። ለእሷ ቀን ቀን ታወሪላታለሽ ማለት ነው። እዚያ አገር ሳሩን ከየት ታመጪዋለሽ?

ከዚያ ተረቱ ሌላ ሆነ። ቆቋ ልትሄድ ስትነሣ ሊያን "ላ፣ ላ! አትሂድ!" ብላ ጮኸች። አንቺም "እሺ፣ አልሄደችም። ጎጇዋ ሥር ብትጭር ብትጭር ውሃ ፈለቀ" አልሻት። አለቀ። ሊያን አጨበጨበች።

ለጋሽ ወልደጻድቅ አሰማኋቸው። "በጣም ጥሩ!" አሉ። "ውሃው ጎጇዋ ሥር ተገኘ፣ ልጆቹም ይደሰታሉ፣ ማንም አይፈራም። ሳዪው።"

"ጋሼ፣ ይሄ የእኛ መጨረሻ አይደለም።"

"የማን ነው ታዲያ?"

"የሌላ ልጅ ነው።"

መነጽራቸውን አወረዱ፣ አዩኝ፣ መልሰው ሰቀሉት። በመጨረሻ፣ "ማተሚያ ቤት የምንገባው ኅዳር 10 ነው" አሉ። "እስከዚያ የእናንተን መጨረሻ ከእናትሽ ካመጣሽ እሱን። ካላመጣሽ ጎጆ ሥር የፈለቀውን እናትማለን። ከዚህ በላይ ልጠብቅሽ አልችልም፣ ልጄ።"

አክስቴ ኅዳር 3 ትመለሳለች። ስለዚህ መልስሽን በእሷ ላኪልኝ፣ ወይም ደውዪ፤ ሥራ ላይ ብሆንም አነሣዋለሁ። ግን የሊያንን አትላኪልኝ። ለሊያን ያቺ ትገባታለች፣ ጥሏት የሄደ የለማ። እኔና ካሊድ የሄደችዋን ቆቅ ነው የምናውቃት። አሥራ ሁለተኛውን ገጽ ስትገልጪው ባዶ ነው። ማተሚያው ተሳስቶ አይደለም፣ እሱ ያንቺ ነው። እውነተኛውን መጨረሻ ንገሪኝና በሦስት ቀን ስዬ እጨርሰዋለሁ፣ አትተኛም ብለሽ አትጨነቂ።

ከረሳሽውም ረሳሁት በይኝ። አልቀየምሽም።

ሳር እንደሌለሽ ስለማውቅ ደግሞ ልኬልሻለሁ። ፖስታው ውስጥ በትንሽ ፕላስቲክ አለች፣ ስታወጪ እንዳትወድቅብሽ። የት እንዳገኘኋት ልንገርሽ። ቦሌንና መገናኛን ዛሬ ብታዪ አታውቂያቸውም፤ መንገዱ ሰፍቶ፣ ዳር ዳሩን ሳርና አበባ ተተክሎበታል። ትናንት ከሥራ ስወጣ ከመንገዱ ዳር ጎንበስ ብዬ አንዲት ሳር ነቀልኩ። በጎማ ውሃ የምታጠጣ ሴትዮ ከኋላዬ፣ "አንቺ ልጅ! እኛ በስንት ልፋት ያበቀልነውን!" ብላ ጮኸች።

"አንድ ብቻ ነው እናቴ፣ ይቅርታ። ለእናቴ ነው።"

"ለመድኃኒት ነው?"

"እንደሱ በዪው።"

"ምኗን ነው የሚያማት?"

ምን ልበላት? "መንገድ ላይ ዘግይታ ነው" አልኳት። ጎማውን መሬት ላይ ትታ መጣችና አንድ ጭብጥ ሙሉ ነቅላ ሰጠችኝ። "አንዷ ትደርቅብሻለች፣ ብዙ ላኪላት" አለች። እኔ ግን ረጅሟን መረጥኩልሽ።

አሁን የእኛን ወሬ ልጨርስልሽ። እዚሁ ገርጂ ውስጥ እኔና ካሊድ ሁለት ክፍል ቤት አይተናል፤ ለአክስቴም ቅርብ ነው። መስኮቱ ጠዋት ፀሐይ ይገባበታል፣ ለሥዕሌ ይመቸኛል። ውሃ አለው፤ የቧንቧውን ማለቴ አይደለም፣ እሱማ እንደ ሰፈሩ ሁሉ በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ ኪራዩን በደሞዜ እችለዋለሁ ማለቴ ነው። ካሊድ ክፍሎቹን በእርምጃው ለካና "ሦስት አልጋ ይገባል" አለ። እኔም ለማን ነው ሦስተኛው ብዬ አልጠየቅሁትም፣ እሱም አልነገረኝም። ከዚህ መጽሐፍ በኋላ ደግሞ የአያቴን ተረቶች ብቻ የያዘ አንድ መጽሐፍ ለመሥራት አስቤያለሁ። ለጋሽ ወልደጻድቅ ነግሬያቸው "መጀመሪያ ቆቅና ዶሮ ለዪ" ብለውኛል። እምቢ አላሉም ማለት ነው! ግን እሱን ያለ አንቺ አልችለውም። ተረቶቹ አንቺ ጋ ናቸው።

አንድ ነገር ላስታውስሽና ላብቃ። የዛሬ ስምንት ዓመት ለአንድ ወር የመጣሽ ጊዜ፣ ሁለት ሻንጣ በሁለት እጅሽ ይዘሽ በሩ ላይ ቆምሽ። ካሊድ ነበር የከፈተው። ወደ ውስጥ ዞሮ፣ "አክስቴ፣ ሴትዮ መጥታለች! ማናት?" አለ። አንቺ ግን ምንም አላልሽም። ከንፈርሽን ነክሰሽ ቆመሽ ቀረሽ። እኔ ያኔ ተናድጄብሽ ነበር። ለምን "እናትህ ነኝ" አትለውም? ለምን ዝም ትላለች? ወሩን ሙሉ በልቤ ይዤብሽ ነበር፣ አሁን ልንገርሽ። ይሄን ተረት በእጄ ስስለው፣ ሰባት ጊዜ፣ ስምንት ጊዜ እሾሁ ደጅ ላይ አቁሜ ስስላት፣ አፏ እንዴት እንደሚሆን ፈልጌ ሳጣ፣ ያን ቀን ያየሁት አፍሽ ትዝ አለኝ። እሱን ሳልኩት። አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ ታዪዋለሽ። ጋሽ ወልደጻድቅ ብዙ ካዩት በኋላ "ይቺ እንኳ ዶሮ አይደለችም" ብቻ ነው ያሉኝ።

እማዬ፣ ተረቱ እንዴት እንደሚያልቅ አላውቅም። ትልቋን ጫጩት ግን አውቃታለሁ። ያኔ በጣም ጠምቷት ነበር፣ እውነት ነው፣ አንቺም ያን አይተሽ ነው የሄድሽው። ያመጣሽላትን ሁሉ ጠጥታ አድጋለች፣ ተምራለች፣ ተመርቃለች። አሁን ራሷ ውሃ መቅዳት ትችላለች። ቁጥቋጦው ውስጥ ሆና የምትጠብቀው ውሃውን አይደለም። አፍሽን ክፈቺ፣ ይፍሰስ። "እኔ ነኝ" በይና ብቻ ነዪ። ሻንጣው ባዶ ይሁን፣ እጅሽም ባዶ ይሁን።

ሳሯን አናትሽ ላይ አድርጊና፣ ቀንም ቢሆን ግድ የለም፣ ጨርሺልኝ።

አላህ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ዓይንሽን ይጠብቅልኝ። የምታሳድጊያትንም ልጅ ያሳድግልሽ፤ ሊያንን ሳሚልኝ፣ "የላም በረት" ስትል ጎበዝ ናት በያት። መንገድሽን ያቅልልሽ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ያገናኘን፣ አሚን።

የምትናፍቅሽ ልጅሽ
ፈቲያ

ካሊድ አናቴ ላይ ቆሞ እያነበበ ነው፤ ሂድ ብለው አይሄድም። "ከታች አንድ ነገር ጨምሪልኝ" አለ። ራስህ ጻፍ ብዬ እስክሪብቶውን ብሰጠው ይዞት ቆየና መለሰልኝ። እንዳለው እጽፍልሻለሁ፦ "አሁን ብትመጣ 'ማናት' አልልም በያት።"